ሊማሊሞ ላይ የታየው አሞራ፦ አይሱዙ ያክላል ወይስ አያክልም?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይኼን ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልሱ ተከታትሎ የሚጻፍበትን ውይይት፣ የከፈተው አንድ የደባርቅ ልጅ ነው። አሁን ጎንደር ማራኪ ተከራይቶ ይማራል። ጨዋ ልጅ ነው። ገና ሳይጀምር ታላላቆቹን ይቅርታ ጠየቀ። የማያምነው ካለ ዝም ብሎ እንዲያልፈው ለመነ። መድረኩን በደንብ እንደሚያውቀው በዚህ ብቻ ያስታውቃል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከአጎቱ ጋር በጠዋት ሊማሊሞን ሲወርዱ ጎማ ተነፈሰባቸው። አጎቱ ክሪክ አግብተው ጎማ ሲፈቱ እሱ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከታች ደመና ተኝቷል። ከደመናው ውስጥ አንድ ወፍ ወጣ። ክንፉን እንደዘረጋ፣ አንዴም ሳያርገበግብ በፊቱ አለፈ። ደረቱ ቀይ ነው። ከዚያ ዓለቱን ዞሮ ተሰወረ። የክንፉን ስፋት ሲናገር ልጁ አላመነታም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሱዙ ያክላል አለ። አጎቱም ቀና ብለው አይተውታል።

ፎቶ የለም። ስልኩ መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። (እንዲህ ያለ ነገር የሚያይ ሰው ስልኩ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ነው። ልጁን ግን አልጠረጥረውም።)

ቤት ሄዶ ሲናገር አያቱን አልደነቃቸውም። ድሮ ሕፃን የሚያነሣ አሞራ ነበር አሉት። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ደግሞ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚተርኩት የነጎድጓድ ወፍ መጣለት። የአረቦች ተረት ሩክ የሚለው፣ ዝሆን ይዞ የሚበረውም መጣለት። ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነው፦ እንዲህ ያለ ግዙፍ ወፍ ዛሬ ሊኖር ይችላል? ከሌለስ እሱና አጎቱ ያዩት ምንድን ነው?

መልሶቹን በቁጥራቸው ላውጋችሁ። ሁሉንም አልደግምም፤ ብዙው ሳቅ ነው።

መልስ 1 ከአንዲት የአዘዞ ነርስ ነው። በመጀመሪያ እንኳን በደህና ወረዳችሁ አለችው። ቀጥላ ጠየቀችው። ስንት ሰዓት ነበር? ፀሐይ በየት በኩል ነበረች? ከወፉ አጠገብ ዛፍ፣ ፍየል ወይም ሰው ነበረ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ነበረች ቁም ነገሩ። ያኔ ግን ማንም ልብ አላላትም።

መልስ 2 አይሱዙው ስንት ኩንታል ጭኖ እንደነበር ጠየቀ። መልስ 3 ሳቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በክሩ ውስጥ ትልቅ ነገር ሁሉ በአይሱዙ ይለካ ጀመር።

መልስ 4 የዳባት ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከብት ሲያግድ ያደገ መሆኑን ነግሮናል። የጻፈው ረጅም ነው፤ አንድም ቃል አይጣልም። እሱ እንደሚለው ልጁ ያየው ጺማሙን አሞራ ነው፤ አጥንት የሚሰብረውን። ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጸጉር ይንጠለጠላል። ሌሎቹ አሞራዎች ሥጋውን ጨርሰው ሲነሡ እሱ ይመጣል። አጥንቱን በጥፍሩ ይዞ ይወጣል። ከ50 ሜትር፣ አንዳንዴም ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዓለት ላይ ይለቀዋል። ሲሰበር ወርዶ መቅኔውን ይበላል። ትንንሹን አጥንት ግን እንዳለ ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ ይፈጨዋል። ከምግቡ አብዛኛው አጥንት የሆነ ሌላ ወፍ የለም። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ከ30 እስከ 2 ሜትር ከ80 ይደርሳል። ጅራቱ ረጅም ነው፤ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ ይሾላል።

ቀይ ደረቱስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አዲስ ነገር ተማርን። የወፉ ደረት በተፈጥሮው ነጭ ነው። ብረት ያለበት ቀይ ጭቃና ውኃ ፈልጎ ይታጠብበታል። ዝገቱ ላባው ላይ ይቀራል። በእንስሳት ማቆያ ያደገና እንዲህ ያለ ጭቃ ያላገኘው ነጭ እንደሆነ ይኖራል። ለምን እንደሚቀባ የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ጌጥ ነው የሚል አለ፣ ማዕረግ ማሳያ ነው የሚል አለ።

ይኼ መልስ ብቻውን ክሩን ሊዘጋው ይችል ነበር። ግን በአራተኛ መልስ የተዘጋ ክር አይቼ አላውቅም።

መልስ 5 ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። አመሰገነ፣ ግን አልተቀበለም። ደባርቅ ያደገ ሰው አሞራ አይጠፋውም አለ። ይኼኛው የሰማይ ስባሪ ነው።

መልስ 6 የሒሳብ መምህር ነው። ዓይን መጠን አይለካም ብሎ ጀመረ። ዓይን የሚያየው ማዕዘን ነው፤ መጠኑን የሚገምተው አእምሮ ነው፣ እሱም ርቀቱን ካወቀ ብቻ። ወፉ 80 ሜትር ላይ ሆኖ አንተ 200 ሜትር ነው ብለህ ካሰብክ በ2 ነጥብ 5 አበዛኸው ማለት ነው። 2 ሜትር ከ60 የነበረው ክንፍ 6 ሜትር ተኩል ሆነ። አይሱዙው ተገኘ። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ታች ደመና ነው፣ ማዶውም ደመና ነው። ርቀት የሚነግርህ ዛፍም ጎጆም የለም። የነርሷ ጥያቄ ለዚህ ነው ወሳኝ የሆነው አለ። ሌላም ጨመረ። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው አሞራን የሚያየው ከታች ወደ ላይ፣ በሩቁ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ግን ወፉ በዓይንህ ትይዩ ያልፋል። ዕድሜህን ሙሉ የምታውቀውን አሞራ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርቡ ታየዋለህ።

ጥሩ መልስ ነው። ትንሽ ተኩራርቶበታል እንጂ።

መልስ 7 መኩራራቱን አልወደደለትም። መምህሩ በዚያ ጠዋት ሊማሊሞ ላይ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በመልስ 8 እንዳልነበረ አመነ፣ ግን ማዕዘን የትም ቦታ ማዕዘን ነው አለ። እዚህ ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ።

መልስ 9 ስሜን ተራራ ላይ እንግዳ የምታስጎበኝ ሴት ናት። ሌላ ማብራሪያ ይዛ መጣች፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። እመት ጎጎ ወይም ጨነቅ አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ትቆማለህ። ፀሐይ ከጀርባህ ዝቅ ብላ ትወጣለች። ከፊትህ ወደ ታች ደመና አለ። ጥላህ ደመናው ላይ ያርፋል። በጣም ትልቅ ሆኖ ይታይሃል፤ በራስህ ጥላ ዙሪያ ደግሞ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ክብ ይሠራል። እጅህን ስትዘረጋ ያ ግዙፍ ነገር ክንፍ ይዘረጋል። ጥላው በጉሙ ጥልቀት ውስጥ ስለሚዘረጋና ርቀቱን መገመት ስለማይቻል ነው ግዙፍ የሚመስለው። ፈረንጆቹ በጀርመን አገር ባለ ብሮከን በሚባል ተራራ ስም ይጠሩታል። እንግዶች አይተውት ሲጮኹ ሰምታለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ አይተው አማተቡ።

ነርሷ በመልስ 10 ተመልሳ መጣች። በጣም ደስ ይላል፣ ግን ጥላ ቀይ ደረት የለውም አለች። ደግሞም ጥላ ዓለት ዞሮ አይሰወርም። አስጎብኚዋ ወዲያው ተስማማች። ለልጁ ሳይሆን ለሌሎች ነው ያመጣሁት፣ እንዲህ የሚያዩ ብዙ ናቸው አለች። እንዲህ በፍጥነት የሚስማማ ሰው እዚህ መድረክ ላይ ብርቅ ነው።

ከዚያ መልስ 11 ከውጭ አገር ገባ። አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ጎንደር አራዳ ነው የተወለደው። ሁለቱንም በየአንቀጹ ያነሣቸዋል። በፈረንጆቹ 1977 በሐምሌ ወር (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) ኢሊኖይ ውስጥ ሎንዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ግዙፍ ወፎች መጡ። አንዱ የ10 ዓመት ልጅ በትከሻው አንሥቶ ትንሽ ወሰደውና ጣለው ተባለ። እናቱ አይታለች። ጎረቤቶችም እንዲሁ። በጊዜው ብዙ ተጽፎበታል። እሱ የሚያምነው ከድሮ ዘመን የተረፈ ወፍ ነው ብሎ ነው። ቴራቶርን የሚባሉ ግዙፍ ሥጋ በል ወፎች ሎስ አንጀለስ ካለው የሬንጅ ጉድጓድ አጥንታቸው ወጥቷል። የአንዱ ክንፍ 3 ሜትር ተኩል ያልፋል።

መልስ 12 የእንስሳት ሐኪም ነው። ጨዋ ነገር ግን ደረቅ ሰው ነው። ቴራቶርኖቹ ከጠፉ 10,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል አለ። አንድ ወፍ ብቻውን 10,000 ዓመት አይኖርም። ተራብቶ መኖር አለበት፤ ጎጆ፣ ዕንቁላል፣ ጫጩት፣ ሬሳ፣ ላባ መኖር አለበት። በአሜሪካ ሰማይ በካሜራ ወፍ ሲያሳድድ የሚውል ሕዝብ አለ። ከዚያ ሁሉ ዓይን ማን ያመልጣል? ልጅ ስለማንሣቱም ተናገረ። የደቡብ አሜሪካው ግዙፍ አሞራ፣ የአንዲስ ኮንዶር፣ እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉ 3 ሜትር ከ30 ይደርሳል። የ10 ዓመት ልጅ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ኮንዶርም ሆነ ጥንብ አንሳ እግሩ ለመቆም እንጂ ለመጨበጥ አልተሠራም። ንስር ይጨብጣል፤ እሱም የራሱን ክብደት ያህል ይዞ ከመሬት መነሣት ያቅተዋል።

መልስ 13 በዚህ ተናደደ። ንስር ሕፃን ሲያነሣ በቪዲዮ አይቻለሁ አለ፤ መናፈሻ ውስጥ፣ አባትየው ሲሮጥ። መልስ 14 ቪዲዮው በ2012 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ተማሪዎች ለትምህርታቸው በኮምፒውተር የሠሩት እንደሆነ ነገረው። ተማሪዎቹም ተቋማቸውም በግልጽ ተናግረዋል። መልስ 13 መልሱን አጠፋ። እኛ ግን ቀድመን አንብበነዋል።

መልስ 15 ላይ ነው ነገሩ የሞቀው። አንዲት የደምቢያ እናት ናቸው የጻፉት፤ ልጃቸው እየጻፈችላቸው መሆኑ ያስታውቃል። ልጅ ሆነው ሕፃን ደጅ አይተኛም ነበር። አሞራ ግልገል ሲያነሣ በዓይናቸው አይተዋል። ታዲያ አያቶቻችን ሁሉ ውሸታሞች ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ 16 ደግሞ አባባሰው። ፈረንጅ ያልመዘገበው ሁሉ የለም ማለት ነው? የሐኪሙን ትምህርትም አነሣ። ለአንድ ሐኪም መባል የሌለበት ነገር አለ፤ እዚህ አልደግመውም።

ሐኪሙ አልተሳደበም። መልስ 17 ከክሩ ሁሉ የሚሻለው መልስ ይመስለኛል። እናትየውን እርስዎ ያዩት እውነት ነው አላቸው። የተወለደ ሰሞን ግልገል 2 ወይም 3 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ብርቱ ንስር ያነሣዋል። ስሜን ላይ ጥቁሩ ንስር ሽኮኮ ሲያነሣ ማንም ያያል። ሕፃን ደጅ አለማስተኛትም ትክክል ነው፤ ለጅብም ለአሞራም። ቀጥሎ ያመጣውን ግን ማንም አልጠበቀም። ደቡብ አፍሪካ ታውንግ በሚባል ቦታ በ1924 የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ተገኘ። ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የሰው ዘር ዘመድ ነው። ቅሉ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ መበሳትና መቧጠጥ አለ። ዛሬ ዘውዳማው ንስር የበላቸው ጦጣዎች ቅል ላይ ያለውም ምልክት ይኸው ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ያን ሕፃን የገደለው ንስር ነው ብለው ያምናሉ። የአያቶችም ፍርሃት ከየትም የመጣ አይደለም።

ከኒውዚላንድም አንድ ጨመረ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ማኦሪዎች ከተራራ እየወረደ ሰው የሚገድል ትልቅ ወፍ ነበረ እያሉ ይተርኩ ነበር። በ1871 ረግረግ ውስጥ የግዙፍ ንስር አጥንት ተገኘ። ሴቷ እስከ 15 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሞአ የሚባለውን፣ መብረር የማይችለውን ትልቅ ወፍ እያደነ ይኖር ነበር። ሰው ሞአውን አድኖ ሲጨርሰው ንስሩም ከ600 ዓመት ገደማ በፊት ጠፋ። ክንፉ ግን 3 ሜትር ቢደርስ ነው።

እናትየው ምርቃት ላኩለት። መልስ 16 ዝም አለ።

ከ18 እስከ 20 ያሉት ፈጠን ያሉ ናቸው። አንዱ ስለ ሩክ አወራ። ማርኮ ፖሎ ወሬውን ወደ ማዳጋስካር አካባቢ ወስዶታል። እዚያ ደግሞ መብረር የማይችል የዝሆን ወፍ የሚባል ነበረ። ዕንቁላሉ ከ150 በላይ የዶሮ ዕንቁላል ይይዛል። ያንን ቅርፊት ያየ መርከበኛ እናቲቱን ሰማይ ላይ ቢፈልጋት አይፈረድበትም። ሌላው ደግሞ በ1973 አቢጃን ላይ አንድ ጥንብ አንሳ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨቱን ጻፈ። እዚሁ ፋሲል ግቢ ላይ ሲዞሩ ከምናያቸው ዘሮች አንዱ ነው። ሦስተኛው የቄራውን አባ ኮዳ አነሣ። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ነው፣ ክንፉ 3 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በጨለማ ጣሪያ ላይ ቆሞ ያየው ሰው ሁለተኛ በዚያ መንገድ አያልፍም።

መልስ 21 ፎቶው የታለ አለ። የትኛው ፎቶ? አንድ ግዙፍ ወፍ መጋዘን ግድግዳ ላይ ክንፉ ተዘርግቶ ተቸንክሮ፣ ፊቱ ስድስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙበት። ቴሌግራም ላይ አይቶታል። መልስ 22 እኔም አለ። መልስ 23 እኔም። ሁሉም ያየው ይመስላል፤ የላከ ግን የለም። በመጨረሻ አሜሪካ ያለው ወገናችን፣ ያ መልስ 11፣ ራሱ አስረዳ። በ1890 አሪዞና ቱምስቶን ውስጥ አንድ ጋዜጣ ሁለት ፈረሰኞች ክንፋም ጭራቅ ገደሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ፎቶው የዚያ ነው ይባላል። ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ፈልገውት አላገኙትም። ግን አይቼዋለሁ የሚል ሞልቷል። ስለ ፎቶ ሲወራ ብዙ የሰማ ሰው ፎቶውን ራሱ ይሥለዋል ማለት ነው። በኢንተርኔት የሚዞሩት ኋላ የተሠሩ ናቸው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚባለው እዚህ ጋ ተጠቀሰ፤ ሦስት ሰው ጠቀሰው።

መልስ 24 ዛሬ ሰማዩ ላይ የሚዞረው ሌላ ነው ብሎ ጀመረ። አድሚኑ አጠፋው።

ከዚያ ክሩ ሳይታሰብ ወደ ስብከት ዞረ። መልስ 25 ንስር 40 ዓመት ሲሞላው መንቁሩን ዓለት ላይ ሰብሮ፣ ጥፍሩን ነቅሎ፣ አምስት ወር ጾሞ ሌላ 30 ዓመት እንደሚኖር ጻፈ። ሁላችሁም ይኼን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሐኪሙ መንቁር የሌለው ወፍ አምስት ወር ሳይሆን አምስት ሳምንት አይቆይም አለ። መልስ 27 መጽሐፍ ቅዱስን ነካህ ብሎ ጮኸ። ደግነቱ መልስ 28 አንድ ዲያቆን ነበር። ሐኪሙንም ከሳሹንም አንቱ እያለ በለሰለሰ ቃል ነገሩን ለየው። መዝሙረኛው ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል ነው ያለው። ስለ መሰበርና ስለ 40 ዓመት የተጻፈ የለም። ንስር ላባውን በየጊዜው ይቀይራል፤ መታደሱን በዚህ መረዳት ይቻላል። መልስ 27 አመሰገነ ማለት አልችልም፤ ግን አልመለሰም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ነርሷ አንድ ነገር ሠርታለች። በውስጥ መስመር ለልጁ ጻፈችለት። አጎትህን ብቻቸውን ጠይቃቸው፣ አንተ ያልከውን ሳትነግራቸው። ልጁም ጠየቀ። መልሱን ደብቆ መቅረት ይችል ነበር፤ አልደበቀም። መልስ 29 ላይ አጎቱ ያሉትን አመጣው፦ ባጃጅ ያክላል።

መድረኩ ፈነዳ። አንዱ ወዲያው የባጃጅ ርዝመት አጣርቶ መጣ፤ 2 ሜትር ከ60 ምናምን። የዳባቱ ሰው በመልስ 4 የጻፈው ልክ መሐል ላይ ያርፋል። ልጁ ግን አሁንም እጁን አልሰጠም። አጎቴ ጎማ ላይ ነበሩ፣ ያዩት ሲሄድ ጀርባውን ነው አለ። እኔ ይኼን ጽናቱን ወድጄለታለሁ። ደግሞም አይሱዙ የሚያህል ወፍ በዓለም ላይ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይቻልም። መልስ 31 ይኼን አስታወሰ። አርጀንቲና ውስጥ ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረው አርጀንታቪስ ክንፉ ከ5 ሜትር በላይ ነበር። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በ1983 አየር ማረፊያ ሲቆፈር አጥንቱ የወጣው የባሕር ወፍ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይገመታል። እሱ የኖረው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ልጁ ያለው ዓይነት ወፍ ኖሯል፤ ሊማሊሞ ላይ ጎማ የሚቀይር ሰው ግን አልነበረም።

መልስ 32 ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እስካሁን ዝም ብለው ያነብቡ ነበር። የዚህን ወፍ ክንፍ እዚያው ሊማሊሞ ላይ የለካ ሰው አለ አሉ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ። በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲመጣ በዚያ ነው የወጣው። አናቱ ላይ ሲደርሱ አሽከሮቹ የፍየል ሥጋ እየቀቀሉ ምሳ ይበላሉ። አንድ ትልቅ ወፍ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ በረረና ሰዎቹ ክብ ሠርተው በተቀመጡበት መሐል አረፈ። እግሩን ድስቱ ውስጥ ከተተ፣ አቃጠለው፣ አወጣ። ገበታው ላይ የነበሩትን ሁለት ቁራጭ ሥጋዎች፣ ታፋና ወርች፣ በሁለት እግሩ ይዞ ሄደ። ሰዎቹ ጦርና ጋሻ ፍለጋ ሮጡ። ወፉ ለተጨማሪ ሲመለስ ብሩስ በጠመንጃ ገደለው። ለካው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፤ በዛሬው 2 ሜትር ከ54 መሆኑ ነው። ሲያነሣው ደግሞ እጁ በቢጫ ዱቄት ተሞላ።

ብሩስ ወርቃማ ንስር መስሎት ነበር። ኋላ የመጡት አጥኚዎች ግን ከነጺሙ ያሣለውን ሥዕል አይተው ይኸው አጥንት ሰባሪው ነው ብለዋል። የዳባቱ ሰው ስለ ዱቄቱ ሲሰማ ጭቃው ነው፣ ያ የብረት ጭቃ ሲደርቅ ነው ብሎ ገመተ። ይሆናል።

ጋሼ ግን ሌላም ቁጥር ነበራቸው፤ ክሩ እስካሁን የሚጨቃጨቀው በእሱ ነው። ብሩስ ወፉን መዝኖ 22 ፓውንድ ነው ብሏል። 10 ኪሎ መሆኑ ነው። የዛሬ ሰዎች የመዘኑት ጺማም አሞራ ከ7 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሐኪሙ መልስ 34 ላይ የበላው ሥጋ አብሮ ተመዝኖ ይሆናል አለ። የዳባቱ ሰው ደግሞ ወፉ የመጀመሪያውን ሥጋ ወስዶ ወዲያው ተመለሰ፣ ሦስት ኪሎ የሚበላበት ጊዜ ከየት አገኘ አለ። የሒሳብ መምህሩ ክንፉን በመለኪያ ስለለካ ትክክል ነው፣ ክብደቱ ግን ያጠራጥረኛል አለ። ሁለት አሽከሮች በእጃቸው አንሥተው ገምተውት ይሆናል ብሎም ጠረጠረ። ጋሼ ይኼ አልተዋጠላቸውም። ያን ሁሉ ኮከብና ፀሐይ በመሣሪያ ሲለካ የከረመ ሰው ለአንድ አሞራ ሚዛን አያጣም አሉ።

እኔ ለሒሳብ መምህሩ እወግናለሁ። ብሩስ ምሳውን ተነጥቋል፤ ሦስት ኪሎ ቢጨምርበት አልደነቅም። መልስ 38 ላይ አንዱ ከጎንደር ደባርቅ የሚኒባስ ታሪፍ ስንት እንደገባ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።